ክርክር፦ ከፑል ኮሚሽን ላይ ለቶክን ባለቤቶች ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ዩኒስዋፕ በኮድ ብቻ የሚሠራ የክሪፕቶ ገንዘብ መለዋወጫ (ፕሮቶኮል) ነው፤ ልውውጡ የሚካሄደው ሰዎች ሁለት ዓይነት ገንዘብ ከሚያስገቡበት የጋራ ቋት፣ ከፑል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሁለተኛው የዩኒስዋፕ ቅጂ ከእያንዳንዱ ልውውጥ የሚቆረጠው 0.30 በመቶ ሙሉ በሙሉ ለሊኩዊዲቲ አቅራቢዎች (ገንዘባቸውን ወደ ፑሉ ለሚያስገቡት) ይሄድ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ላይ 0.05 በመቶውን ወደ ፕሮቶኮሉ የሚያዞር ማብሪያ ኮዱ ውስጥ አብሮ ተጽፎ ነበር። በዚያው ዓመት የመጣው ተመሳሳይ መለዋወጫ ሱሺስዋፕ ደግሞ 0.25ቱን ለአቅራቢዎች፣ 0.05ቱን ለቶክኑ (በፕሮቶኮሉ አስተዳደር ድምፅ ለሚያሰጠው ሳንቲም) ባለቤቶች አካፈለ። የትኛው አሠራር ይሻላል ትላላችሁ?

ተቃዋሚ፦ እኔ አይቆረጥ ባይ ነኝ፤ ኪሳራውን የሚሸከመው አቅራቢው ነውና። ፑሉ ውስጥ 10 ኤተር (የኢቴሪየም ክሪፕቶ ገንዘብ) እና 20,000 ዩኤስዲሲ (አንዱ አንድ ዶላር እንዲያወጣ የተሠራ ሳንቲም) አለ እንበል። በፑሉ ደንብ የሁለቱ ብዜት 200,000 ሆኖ መቆየት ስላለበት፣ ኤተር በውጭው ገበያ ከ2,000 ወደ 8,000 ሲወጣ የዋጋ ልዩነት የሚያሳድዱ ነጋዴዎች ኤተሩን ከፑሉ በርካሽ እየገዙ 5 ኤተርና 40,000 ዩኤስዲሲ ብቻ ያስቀሩበታል። ይህ ሲደመር 80,000 ነው፤ ፑል ውስጥ ሳያስገባ ይዞት ቢቆይ ግን 100,000 ይሆንለት ነበር። ጉድለቱን የሚያካክስለት ኮሚሽኑ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ፑሉ ምንም ያላስገባ ሰው ከኮሚሽኑ አንድ ስድስተኛውን ይውሰድ መባሉ አይዋጥልኝም።

ደጋፊ፦ ስሌትዎን አልነቅፍም። ነገር ግን አቅራቢው የሚገባውም የሚወጣውም በፈቃዱ ነው፤ ኮዱን ለሚጽፈውና ለሚያስመረምረው ወገን ግን ገንዘብ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ድምፅ ከመስጠት በቀር ምንም ገቢ የሌለው ቶክን ይዞ ፕሮቶኮሉን በትጋት የሚያስተዳድር ሰው እስከ መቼ ይገኛል?

ነጋዴ፦ ሁለታችሁም ከፋዩን ረስታችሁታል። ተቃዋሚው ካነሡት ፑል በ2,000 ዋጋ አንድ ኤተር ልግዛ ብል፣ 9 ኤተር ሲቀር ሌላው ወገን 22,222 መሆን ስላለበት 2,222 ዩኤስዲሲ እከፍላለሁ። በላዩ ላይ የሚታከለው ኮሚሽን 7 እንኳ አይሞላም፤ 222ቱን የበላው የፑሉ ማነስ ነው። ፑሉ አሥር እጥፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ትርፍ ክፍያ ወደ 20 ይወርድልኝ ነበር። ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ የኮሚሽኑ ክፍፍል ሳይሆን አቅራቢዎቹ ተከፍተው መውጣታቸው ነው፤ ሱሺስዋፕ ራሱ በ2020 የዩኒስዋፕን አቅራቢዎች በሽልማት ቶክን አባብሎ ሲወስድ፣ ይህ ገንዘብ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈልስ አይተናል።

ደጋፊ፦ የነጋዴውን መለኪያ እቀበላለሁ፤ በዚህ መለኪያ ግን ከርቭ የተባለውን ሌላ መለዋወጫ ተመልከቱ። በተረጋጉ ሳንቲሞች (እንደ ዩኤስዲሲ ዋጋቸው ከዶላር ጋር የታሰረ) ፑሎቹ ላይ 0.04 በመቶ አስከፍሎ ግማሹን ለቶክን ቆላፊዎች (ቶክናቸውን ለተወሰነ ጊዜ ቆልፈው ለሚያስቀምጡ ባለቤቶች) ሲሰጥ አቅራቢዎቹ አልሸሹም፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሳንቲሞች ያን የ20,000 ዓይነት ጉድለት አያመጡምና። ሦስተኛው የዩኒስዋፕ ቅጂ ከ2021 ጀምሮ ድርሻውን ለእያንዳንዱ ፑል ለየብቻ መወሰን የሚያስችል ስለሆነ፣ ለሁሉም አንድ መልስ መፈለግ ግድ አይለንም።

ተቃዋሚ፦ ለየብቻ ይወሰን ከተባለ ለኤተር ፑል አሁንም አይቆረጥ እላለሁ። የተረጋጋ የሚባለውም ቢሆን አደጋ አያጣውም፤ በማርች 2023 ዩኤስዲሲ ከ0.90 ዶላር በታች በወረደ ጊዜ ሁሉም ሌላውን ሳንቲም እያወጣ ሲሄድ፣ የሚወርደውን ታቅፈው የቀሩት አቅራቢዎች ነበሩ። ዋጋው በቀናት ውስጥ ባይመለስ ኖሮ፣ ግማሹን ኮሚሽን ሲወስዱ የኖሩት ቶክን ቆላፊዎች ከኪሳራውም ግማሹን ይጋሩ ነበር?