ኢሜይል ይገባል፣ አይወጣም፤ ያውም ቤት ዋይፋይ ላይ ብቻ

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ አንድ ነገር ቸግሮኛል። የወንድሜን የእንጨት ሥራ ቤት ፕሮፎርማ የምልከው እኔ ነኝ። ማታ ማታ አራት ኪሎ ቤቴ ሆኜ፣ ከአንድሮይድ ስልኬ። በቤቱ ዋይፋይ ኢሜይል ይገባልኛል፣ ቴሌግራሙም ዩቲዩቡም ይሠራል። መላክ ግን እምቢ! «በመላክ ላይ» ይልና ይሽከረከራል፣ ከዚያ አውትቦክስ ውስጥ ቁጭ። ዋይፋዩን አጥፍቼ ዳታ ስከፍት ወዲያው ይሄዳል። አድራሻው በድርጅቱ ስም የተከፈተ ነው። ስልኬ ላይ አካውንቱን የሞላልኝ ልጅ አሁን ከእኛ ጋር የለም። ለዚህ ብዬ በየማታው ፓኬጅ መግዛት ሰለቸኝ። ነገ ጠዋት 4 ሰዓት የሚዘጋ ጨረታም አለብን።

የልደታው፦
ራውተሩን ከሶኬት ነቅለሽ ትንሽ ቆይተሽ መልሺው። ስልኩ ላይም ዋይፋዩን አጥፍተሽ ፓስወርዱን እንደገና አስገቢ።

የአራት ኪሎዋ፦
ሁለቱንም ዛሬ አድርጌያለሁ። ያው ነው።

እናት ካፌ፦
እህቴ፣ ፋይሉ ከብዶ እንዳይሆን? ጂሜይል እንኳን አባሪ የሚልከው እስከ 25 ሜጋባይት ነው። ፋይል በኢሜይል ሲሄድ ደግሞ በሲሶ ያህል ያብጣል። የዕቃ ፎቶ የምትጨምሪ ከሆነ አሳንሺው።

የአራት ኪሎዋ፦
አመሰግናለሁ የኔ እናት። ግን «ደረሰህ?» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ለወንድሜ ላኩ፣ እሷም አልሄደች።

የካዛንቺሱ፦
በዳታ ከሄደ አካውንትሽም ፓስወርድሽም ደህና ነው። ስልክም ራውተርም ለመቀየር እንዳትሮጪ።

መቀበልና መላክ ሁለት የተለያየ መንገድ ነው። የሚገባው በአይማፕ ወይም በፖፕ ነው፣ የሚወጣው በኤስኤምቲፒ። አንዱ ተዘግቶ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል። እንደኔ ግምት የአንቺ የወጪው ፖርት (የበር ቁጥር) 25 ተብሎ ተሞልቷል። 25 ሰርቨር (ኢሜይል የሚያቀባብል ኮምፒውተር) ከሰርቨር ጋር የሚቀባበልበት በር ነው። ቫይረስ የገባበት የቤት ኮምፒውተር ባለቤቱ ሳያውቅ በዚህ በር ስፓም ይረጫል። ለዚህ ነው በብዙ አገር የኢንተርኔት አቅራቢዎች በቤት መስመር ላይ የሚዘጉት። የሞባይል ዳታ ሌላ መንገድ ስለሆነ እዚያ ሊያልፍ ይችላል። ከስልክና ከኮምፒውተር ለሚላክ 587 ከተመደበ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ።

ጂሜይል አፑ ላይ ሦስቷን መስመር ንኪ፣ ሴቲንግ ግቢ፣ አካውንትሽን ምረጪ፣ ወደ ታች ወርደሽ የወጪውን (አውትጎይንግ) ሴቲንግ ክፈቺ። ፖርቱን 587፣ ሴኪዩሪቲውን ስታርትቲኤልኤስ አድርጊ። ካልሆነ 465 ከኤስኤስኤል ጋር። ሁለቱም የሚላከውን የሚያመሰጥሩ ናቸው። ጥንዶቹን ግን አታደባልቂ፤ 465ን ከስታርትቲኤልኤስ ጋር ካጋባሽው አይሠራም።

የፒያሳው ጋሼ፦
ልጄ፣ ከመነካካትሽ በፊት አውትቦክሱን እዪ። የተቀረቀረው ሁሉ መንገድ ሲያገኝ አብሮ ይወጣል። ያለፈ ሳምንት ዋጋ ደንበኛ እጅ ከገባ ማስረዳቱ ከባድ ነው። ደግሞም «አካውንቱን አጥፍተሽ እንደ አዲስ ሙዪ» የሚል ከመጣ ቆም በይ። የሚገባው በፖፕ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ቅጂ ላይኖር ይችላል፤ የስልኩ ደብዳቤ አብሮ ይጠፋል።

የአራት ኪሎዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! አውትቦክስ ውስጥ ሦስት ፕሮፎርማ ነበር፣ አንዱ በድሮው የኤምዲኤፍ ዋጋ። አጠፋሁት።

ፖርቱ እውነትም 25 ነው፣ ሴኪዩሪቲውም «ኖን» ይላል። 587 አደረግኩት። አሁን ደግሞ ሰርተፊኬቱ ትክክል አይደለም አለኝ። «ሁሉንም ሰርተፊኬት ተቀበል» የሚል ምርጫ አለ። እሱን ልንካው?

የካዛንቺሱ፦
አትንኪው! ሰርተፊኬት የሰርቨሩ መታወቂያ በይው። ያንን ምርጫ ከነካሽ ስልክሽ ከማን ጋር እንደሚያወራ ማጣራቱን ይተዋል። መጀመሪያ የስልኩ ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑን እዪ። ትክክል ከሆነ ችግሩ የጻፍሽው የሰርቨር ስም ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ድርጅት አንድ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ሰርተፊኬቱ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩን በሚያከራየው አስተናጋጅ ድርጅት ስም ይወጣል፣ በእናንተ ስም አይደለም። አካውንቱ ሲከፈት አስተናጋጁ የላከላችሁን ኢሜይል ፈልጊ። የወጪው ሰርቨር ስም እዚያ ላይ ይኖራል።

የአራት ኪሎዋ፦
አገኘሁት! የወንድሜ ኢሜይል ውስጥ ነበር። ስሙን አንድ በአንድ እያየሁ ጻፍኩት፣ «ደረሰህ?»ን እንደገና ላኩ። ከሳሎን «ደረሰኝ!» ብሎ ጮኸ። የጨረታውም ሄዷል። ተባረኩ ሁላችሁም።

የካዛንቺሱ፦
እንኳን ደስ አለሽ። አንድ ነገር ቀርቷል። «ኖን» እያለ ፓስወርድሽ ሳይመሰጠር ሲሄድ ነው የቆየው። ካፌ ዋይፋይ ላይ ተጠቅመሽ ከነበረ ሊታይ ይችላል። ዛሬውኑ ቀይሪው። የገቢውም ሴቲንግ ላይ ሴኪዩሪቲው «ኖን» እንዳይሆን እዪ፤ ለአይማፕ 993፣ ለፖፕ 995 ነው።

የአራት ኪሎዋ፦
ቀየርኩት። የገቢው 993 ነው፣ ደህና ነው። የወንድሜም ስልክ ላይ የወጪው 25 ነበር፤ እሱንም አስተካከልኩለት።