ክሩዝ ኮንትሮሌ ሳልነካው ይለቃል፣ ምን ይሆን?

የቱሉ ዲምቱው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፈረንጅ 2004 ሞዴል የሆነች የጃፓን አውቶማቲክ አለችኝ። ቀኝ ጉልበቴን ስለሚያመኝ አዳማ ስወርድ ክሩዝ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ ፍጥነቱን የሚይዝልኝ፣ ለእኔ ቅንጦት አይደለም። ፈጣን መንገዱ ላይ ገብቼ 100 ላይ አስይዘውና እግሬን አሳርፋለሁ። አሁን አሁን ግን ሳልነካው ይለቃል። አንዳንድ ቀን እስከ ሞጆ ንቅንቅ አይልም። ሌላ ቀን ቢሾፍቱ ሳልደርስ ይከዳኛል። መልሼ ስጫነው እሺ ይላል፤ የድልድይ መገጣጠሚያ ላይ ጎማው ዷ ሲል ደግሞ እንደገና ይለቃል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የክሩዝ መብራት አይጠፋም። ቼክ ኢንጂንም አልበራም። ሰፈር ያለ ባለሙያ ምንም ሳይፈታ «ኮምፒውተሯ ነው፣ ይቀየር» አለኝ። የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ መኪናዋን ሸጬ ኮምፒውተሯን ብቻ የምገዛ ነው የመሰለኝ። እስቲ ምን ትላላችሁ?

ቃሊቲ ኤሌክትሪክ፦
ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ለጊዜው ይተዉት። ክሩዝ ፍሬን የተረገጠ ከመሰለው ወዲያው ይለቃል። ያንን የምትነግረው ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለችው ስዊች ናት። የኋላ ፍሬን መብራት የምታበራውም እሷው ናት። ካረጀች ወይም ከቦታዋ ከተንሸራተተች፣ መንገድ ሲያነጥራት ለቅጽበት የተሳሳተ ምልክት ትልካለች። ለክሩዝ ያቺ ቅጽበት ትበቃዋለች። የዳሽቦርዱ መብራት የማይጠፋውም ለዚህ ነው፤ ሲስተሙ አልጠፋም፣ የያዘውን ፍጥነት ነው የጣለው።
ማታ የመኪናዋን ጀርባ ለግቢው በር ሰጥተው ያቁሟት። ፔዳሉን ሳይረግጡ በእጅዎ ወደ ጎን ነቅነቅ ያድርጉት። በሩ ላይ ቀይ ብርሃን ብልጭ ካለ አገኙት ማለት ነው። ምንጣፉንም ይዩልኝ። ፔዳሉ ላይ ስዊቿን የምትገፋ ትንሽ ፕላስቲክ አለች፤ በሙቀትና በዕድሜ ትፈረፈራለች።

ሹፌር ነኝ፦
መሪው ውስጥ ያለው ጥቅል ገመድም ይታይ። የክሩዝ ቁልፍ፣ ክላክስና ኤርባግ በእሱ በኩል ነው የሚያልፉት። የእኔ እሱ ነበር፣ መሪ ስጠመዝዝ ክላክሱም ዝም ይል ነበር። የፍሬን ስዊቿ ከሆነች ደግሞ ገመዷን ቀጥታ አገናኝቶ መገላገል ነው።

ቃሊቲ ኤሌክትሪክ፦
ስለ ጥቅል ገመዱ ልክ ነህ። መሪው የሚፈታ ከሆነ ግን የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይጠበቅ፣ ከኤርባግ ጋር ቀልድ የለም። ቀጥታ ማገናኘቱን ግን ተወው ወንድሜ። በ100 እየሄድክ ፍሬን ስትረግጥ ክሩዙ አልለቅም ቢልህስ?

የቱሉ ዲምቱው፦
ክላክሱ ይሠራል፣ ጎረቤት ይመስክር። ያልከኝን ማታውኑ አደረግኩ። ፔዳሉን ገና ነቅነቅ ሳደርገው ቆርቆሮው በር ላይ ቀይ ብልጭ ድርግም! ምንጣፉን ሳነሳ ደግሞ ሰማያዊ የፕላስቲክ ፍርፋሪ። ፔዳሉ ላይ ግማሿ ብቻ ቀርታለች። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ልፈልግ ወይስ አዲስ?

ቃሊቲ ኤሌክትሪክ፦
አዲስ ይሻላል፤ ያገለገለው ያው በዕድሜ የደረቀ ነው። ስዊቿንም አብረው ይቀይሯት። ፍርፋሪውንና የቀረችውን ግማሽ ይዘው ይሂዱ፣ ፕላስቲኳ የምትገባበት ቀዳዳ ስፋት እንደ መኪናው ይለያያል። ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉ ሲለቀቅ የኋላ መብራቱ ጭራሽ መጥፋቱን፣ ትንሽ ሲረገጥ ደግሞ መብራቱን ያረጋግጡ። እስከዚያው አዳማን ያቆዩት። ያቺ ግማሽ ከወደቀች የፍሬን መብራትዎ እንደበራ ይቀራል፣ ከኋላ ያለው ሹፌር መቼ እንደሚያቆሙ በምን ያውቃል?