እናቴ ኦፕሬሽን ልታደርግ ነው፣ ቀንዲል መቀባት ትችላለች ወይስ ለሚሞት ሰው ብቻ ነው?

የሆሳዕና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ የልብ ቫልቭ ችግር አለባትና በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ኦፕሬሽን ልታደርግ ነው። ካቶሊኮች ነን፣ እኔ አባን ጠርተን ቀንዲል (ካህን ለታመመ ሰው እየጸለየ ዘይት የሚቀባበት ምሥጢር) ትቀባ ስል አክስቴ ተቆጣች፣ ካህን ዘይት ይዞ አልጋዋ አጠገብ ካየች በቃ ልሞት ነው ብላ ትደነግጣለች፣ እሱ ሐኪም ተስፋ ሲቆርጥ ነው አለች። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ቅዳሴ ሳትቀር የኖረች ሴትዮ አሁን ከቤት ከወጣች ቆይታለች፣ ቁርባን በጣም ናፍቋታል። ምን ትላላችሁ?

ሚካኤል፦
አክስትህ አይፈረድባቸውም፣ ድሮ ሰዉ ነፍስ ልትወጣ ስትል ነበር ካህን ሚጠራው። ግን 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ (የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ) በ1963 እኤአ ለሞት አፋፍ ላይ ላሉት ብቻ አይደለም፣ በሕመም ወይ በእርጅና ሕይወቱ አደጋ ላይ መውደቅ የጀመረ ሰው ይቀባል ብሎ ግልጽ አድርጎታል፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛም በ1972 ሥርዓቱን አደሱት። ኦፕሬሽኑ በከባድ ሕመም ምክንያት ከሆነ ከመግባቷ በፊት ትቀባለች። ድና ሌላ ጊዜ ብትታመም ወይ ሕመሙ ቢብስባት ደግሞ መቀባት ትችላለች፣ እንደ ጥምቀት አንዴ ብቻ አይደለም። ያዕቆብ 5፥14-15ን ለአክስትህ አንብብላቸው፣ ስለታመመ ሰው ነው ሚያወራው፣ ጌታ ያስነሳዋል ነው ሚለው።

ማርታ፦
ነርስ ነኝ፣ እባካችሁ አታዘግዩት። ብዙ ቤተሰብ እየፈራ እየፈራ ቆይቶ ካህን ሚጠራው ታማሚው ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ራሱን የሳተም ይቀባል እሺ፣ ግን ንስሐ መግባትና መቁረብ ያመልጠዋል፣ እኔን በጣም ሚያሳዝነኝ እሱ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ሲቆርብ የኖረ ሰው በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ከምሥጢራቱ ሲርቅ። ደሞ እሳቸውን ጠይቋቸው እንጂ፣ ታማሚዋ እሳቸው ሆነው እናንተ ለምን ትከራከራላችሁ?

የሶዶው፦
ቅባቱን ሚሰጠው ካህን ወይ ጳጳስ ብቻ ነው፣ ዲያቆንም ካቴኪስትም (የሃይማኖት አስተማሪ) አይችልም፣ ስለዚህ ቁምስናው (አጥቢያ ቤተክርስቲያናችሁ) ጋ ቀድመህ ደውል፣ አባ ገጠር ወጥተው ሊሆን ይችላል። ካልተሳካ አዲስ አበባ ሆስፒታሉ አካባቢ ያለ ቁምስና ጠይቁ። እዛ በግዕዝ ሥርዓት እኛ ደሞ በላቲን ነን ብለህ አትጨነቅ (ሁለቱም የካቶሊክ ሥርዓቶች ናቸው)፣ ጸሎቱና አቀባቡ ይለያያል እንጂ ምሥጢሩ አንድ ነው።

የሆሳዕና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማርታ እንዳልሽው ጠየቅኳት፣ "እኔ መች ፈራሁ፣ አባን ጥሩልኝ" አለች፣ አክስቴም ዝም አለች። አንድ ነገር ቀረኝ፣ መድኃኒቷን ከምግብ ጋር ነው ምትወስደው፣ ከቁርባን በፊት ለ1 ሰዓት ያህል ምግብ ያለመቅመሱን ጾም እንዴት ታድርግ?

ሚካኤል፦
ለሕሙማንና ለአረጋውያን ግዴታ አይደለም፣ የላቲን ሥርዓት የቤተክርስቲያን ሕግ (ሕገ ቀኖና) ቁጥር 919 ላይ አለ፣ አስታማሚዎችንም ይጨምራል። ስለዚህ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ። አንተና አክስትህም ስታስታምሙ ቁርስ ብትቀምሱ ችግር የለውም፣ አብራችኋት ቁረቡ፣ ንስሐ ሚያስፈልገው ካለ ግን አባ እንደደረሱ መጀመሪያ እሱን ይጨርስ።