የክፍላችንን የስንብት ንግግር በምን ልጀምር?

ሰላም ወዳጆች። ከሁለተኛ ደረጃ ልንመረቅ ነው። የስንብት ንግግሩን ደግሞ እኔ ላይ ጣሉት፤ 5 ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። «ጊዜው እንዴት ይሮጣል» ብዬ ስጀምር እኔኑ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ትዝ የሚለኝ ሌላ ነው። አንድ እግሩ አጭር የሆነው የኋላ ዴስክ፣ እንዳይወላገድ ከሥሩ በአራት የታጠፈ የፈተና ወረቀት የምናደርግለት። ወረቀቱ የኔ ነበር፤ ከ20 አራት ያመጣሁበት (ቢያንስ ለአንድ ነገር ጠቀመ)። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ ይስቃሉ። ወላጆች ግን ምን ይገባቸዋል?

ደግሞ 11ኛ ላይ ትምህርት ያቋረጠች ጓደኛችን አለች። እሷም ትመጣለች። ስሟን ላንሳ ወይስ ይከብዳታል? እኔን የያዘኝ በዋናነት ይሄ ነው።

እንዲህ ያለ ንግግር ያደረጋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የቀረኝ ሁለት ቀን ነው።