የአባቴ ሜዳሊያ ማህደሩ ላይ የለም፤ ከየት ልጀምር?

ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከአዳማ ነው። አባቴ የካራማራ ዘማች ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ድሉ ሲገኝ እዚያው ነበር። ሜዳሊያው ዛሬም ሳጥናችን ውስጥ አለ። የምስክር ወረቀቱ ግን በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ጠፋ። በቅርቡ ማህደሩን ስናስወጣ የአገልግሎት ዘመኑ ተጽፏል፤ ሽልማቱ የለም። «ወረቀት አምጡ» ተባልን።

በእጃችን ያለው አንድ ፎቶ ነው። ሜዳሊያው ደረቱ ላይ ይታያል፤ ከጀርባው የክፍሉ ስምና ቀኑ በእጁ ተጽፏል። አብረውት የዘመቱ ሁለት ጓዶቹም በሕይወት አሉ። የእነሱ ቃል በሰነዶች ማረጋገጫ ቢጸድቅ ይበቃል? ወይስ ፍርድ ቤት ቀርበው ይመስክሩ? ማመልከቻውስ ለየትኛው ክፍል ይገባል?

አባቴ 70 አልፎታል። ገንዘብ አልጠየቀም፤ ስሙ ከነክብሩ እንዲጻፍለት ብቻ ነው የሚፈልገው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።