የጽዋ ማኅበር ድግስ ተቀንሶ ወደ ሱባኤ ይዙር ወይስ ባለበት ይቆይ?

ዘመንቆረር፦
ለክርክር የማቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። በየተረኛው ቤት የሚዞረው የጽዋ ማኅበራችን ወርኃዊ ድግስ ወደ አንድ ድፎ ዳቦና አንድ ገንቦ ጠላ ይውረድ። ተረኛው ሊያወጣው የነበረው ቀሪ ወጪ በማኅበሩ ሣጥን ይጠራቀም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፍልሰታ፣ ማኅበርተኛው አብሮ ገዳም ይግባና ሱባኤ ይያዝ። እኔ ደጋፊ ነኝ።

ማኅበር ከጥንቱ ጸሎትና ማዕድ ነበር እንጂ ድግስ አልነበረም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ምእመናኑ በትምህርትና በጸሎት ይተጉ፣ በየቤቱም እንጀራ ይቆርሱ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 አንዱ ሲራብ ሌላው የሚሰክርበትን ማዕድ አጥብቆ ነቅፏል። የእኛን እንቁጠረው። 12 አባል ያለው ማኅበር ከነሚስቶቻቸው 24 ሰው ነው። ካህኑ፣ ጎረቤቱና ነዳያኑ ሲጨመሩ ተረኛው ለ40 ሰው ያስባል። በነፍስ ወከፍ 3 እንጀራ ቢባል 120 እንጀራ፣ ማለትም 20 ኪሎ ገደማ ጤፍ ይፈልጋል። ጠላው ለአንድ ሰው 2 ሊትር ቢታሰብ 80 ሊትር ነው። ወጡ፣ አረቄውና ማገዶው ገና አልተቆጠረም።

«በዓመት አንዴ እኮ ነው የሚደርሰው» ይባላል። ለአንድ ማኅበር እውነት ነው። የ12ቱን ሚካኤል፣ የ21ዱን ማርያምና የ27ቱን መድኃኔ ዓለም የሚጠጣ አባወራ ግን በዓመት ሦስት ጊዜ ይደግሳል፣ 36 ቀን ማዕድ ላይ ይውላል። በዚያ ሁሉ ቀን የሚነበበው ድርሳን ሩብ ሰዓት አይሞላም። ያ ነው የሚያሳዝነኝ።

የማቻክል ባላገር፦
ወንድሜ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ ወቅቱን ግን ስተሃል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። በእኛ አገር ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ነሐሴ ጤፍ ይዘራል፣ የበቆሎውም አረም ያኔ ነው። ጤፍ ቀን አይጠብቅም። ማሳው ታርሶ፣ ታርሶ፣ ለስልሶ በእርጥቡ ካልተዘራበት ዝናቡ ቀድሞ ይወጣና ፍሬ ሲያንዠረግግ ውኃ ያጣል። አንድ አባወራ 15 ቀን ገዳም ተቀምጦ ቢመለስ የዓመት ቀለቡን አጥቶ ነው የሚመለሰው። ይኸ ሐሳብ ለደመወዝተኛ የተሠራ ነው፤ ፈቃድ ሞልቶ፣ ጫማውን አጥልቆ ለሚሄድ።

ሁለተኛው ነገር ነዳያኑ ናቸው። ድግሱ ወደ አንድ ድፎ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀረው የማን ድርሻ ነው? የማኅበርተኛው አይደለም፣ እሱማ ቁራሹን ያገኛል። በር ላይ የቆመው ነው ባዶ እጁን የሚመለሰው። ጠበል ጠዲቅ የተባለው እኮ ለእነሱም ጭምር ነው።

ሦስተኛ፣ ማኅበር የምንጠጣው ለመብላት ብቻ አይደለም። ማኅበርተኛ ቢታመም እህሉን በደቦ የሚያጭድለት፣ ቢሞት ልጆቹን የሚጠይቅለት የማኅበር ወንድሙ ነው። ያ ዝምድና የሚጸናው በየወሩ ፊት ለፊት በመቀመጥ ነው። በዓመት አንዴ በገዳም ቅጥር ጥግ ለጥግ ጸጥ ብሎ በመቀመጥ አይጸናም።

ዘዋሸራ፦
ሁለታችሁንም አከብራለሁ፤ ታሪኩን ግን አጥርተን እንያዝ። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ሲምታቱ አያለሁ። ሰንበቴ በእሑድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በሰንበቴ ቤት የሚበላ የአጥቢያው ሁሉ ማዕድ ነው። ጽዋ ማኅበር ግን በቅዱስ ስም የታሰረ፣ በወር አንዴ በየተረኛው ቤት የሚዞር፣ አባላቱ የተቆጠሩ ኅብረት ነው። ነዳያንን መመገብ ሁለቱም ጋ አለ፤ ነገር ግን የዋናው ሸክም ቦታ ሰንበቴ ነው።

12 ቁጥርም ሕግ አይደለም። በ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ የመጣ ልማድ ነው። 7፣ 24፣ 30 አባል ያላቸውም ሞልተዋል። 24 ከሆኑ ጽዋው በሁለት ዓመት አንዴ ይደርሳል፣ ወይም ሁለት ሁለት እየሆኑ ያነሣሉ። ወጪው ከበዳችሁ የመጀመሪያው መፍትሔ ይኸው ነው።

ንባቡን በተመለከተ ዘመንቆረር ያነሣው ነገር ከባድ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው፣ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩና ተአምረ ማርያም እንዲነበብ በብርቱ ያዘዘ ንጉሥ ነው። በ21 ማኅበር ላይ ተአምሩ ሳይነበብ ዋንጫ ከዞረ ማኅበሩ ስሙን ብቻ ነው የያዘው። አቡነ ዘበሰማያት ተብሎ፣ ዳቦው በመስቀል ምልክት ተባርኮ፣ ንባቡ ተሰምቶ ነው ማዕድ የሚቀርበው። ንባቡን ከማዕዱ በኋላ ያደረገ ማኅበር ሰሚ አያገኝም፤ አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዱ በሬውን ሊፈታ ይነሣል።

ሌላም አለ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የቤተ ክርስቲያን ርስትና ጉልት ሁሉ ሄደ። መሬት የሌለው ማኅበር ግን የሚወሰድበት ነገር ስላልነበረው ቀጠለ። ካህኑም ከዚያ በኋላ የበለጠ ያየው የምእመኑን እጅ ነው። ስለዚህ ድግሱን ስትቀንሱ የካህኑንም ድርሻ እየነካችሁ እንደሆነ ዕወቁ።

ዘመንቆረር፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የንባቡን ቅደም ተከተል ብቻ ማስተካከል በራሱ ግማሽ መልስ ነው። የማቻክሉን ወንድሜን የነሐሴ ነገር እቀበላለሁ፤ አላሰብኩትም ነበር። ሱባኤ ማለት ሰባት ቀን ነው፣ የግድ የፍልሰታ 15 ቀን መሆን የለበትም። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ፣ ከቅድስት እስከ ምኩራብ ያለው ሳምንት አይሻልም? መኸሩ ገብቶ አልቋል፣ ዘር አልደረሰም።

የደጀን እኅት፦
እስካሁን ሁላችሁም ስለ ጠላው ሊትር ቆጠራችሁ፤ ማን እንደሚጠምቀው አንድም ሰው አላነሣም። ልንገራችሁ።

ብቅሉ ገብስ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ነው። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል። ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል። ከዚያ እንኩሮው፤ ዱቄቱ በውኃ ታሽቶ በምጣድ ላይ እየተማሰለ እስኪጠቁር ይቆላል። ይኸኛው ሥራ ነው ዓይን የሚያጠፋው፣ ጢሱ። እንኩሮው ቀዝቅዞ ከጥንስሱ ጋር ሲደባለቅ ድፍድፍ ይሆናል፣ ቀናት ይቀመጣል፣ በመጨረሻም ውኃ ተጨምሮበት ይታሸጋል። እንደ ጮቄ ግርጌ ባለ ብርድ አገር ከጥንስሱ እስከ መጠጣት ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

የሚበላሸውም ብዙ ነው። ጋኑ በደንብ ካልታጠነ ጠላው ይኮመጥጣል። እንኩሮው ትኩሱን ከገባ ጥንስሱን ይገድለዋል። ድፍድፉ ሳይበስል ውኃ ከተደረገበት ይቀጥናል፣ ሆድ ይነፋል። ከተበላሸ ደግሞ ቀኑ አይለወጥም፣ ወሩ 12 ሲል ሚካኤል ነውና፣ ሴቲቱ ከሰው ቤት ተበድራ ታቀርባለች።

ስለዚህ ጠላው ወደ አንድ ገንቦ ይውረድ ለሚለው ሐሳብ ድምፄን እሰጣለሁ። ለሱባኤው ብዬ አይደለም። የሚነበበውን ድርሳን እንኳ ከጓዳ ሆና ለማትሰማው ሴት ብዬ ነው።

የማቻክል ባላገር፦
እኅቴ፣ ይኸን ቃል ሰምቶ የሚከራከር የለም። ነዳያኑ ግን ጠላ አይደለም የሚፈልጉት፣ እንጀራና ንፍሮ ነው። ጠላው ይቀነስ፤ እንጀራው አይቀነስ። በዚህ ከሆነ እስማማለሁ።

ዘዘጌ፦
ገዳም መግባቱን እንደ ቀላል አትዩት። ማኅበራችሁ ባልና ሚስት ያለበት ከሆነ መጀመሪያ ቦታውን ለዩ። ከጣና ሐይቅ ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይገባል። ሳትጠይቁ ጀልባ ተከራይታችሁ ብትመጡ ግማሹ ማኅበርተኛ ወደብ ላይ ይቀራል።

ስንቁ በሶ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው ሩብ ኪሎ ቢታሰብ ለ7 ቀን አንድ ኪሎ ከሦስት ሩብ ነው፤ 2 ኪሎ ያዙ። ገብሱ ሲቆላ ውስጡ ጭምር መድረቅ አለበት። ከላይ ብቻ ከጠቆረ ዱቄቱ እርጥበት ይዞ ይሻግታል። ትኩሱን በላስቲክ መቋጠር ያንኑ ያመጣል፤ በጨርቅ ከረጢት ይሁን። የሐይቅ ውኃ ሳይፈላ በበሶ አትበጥብጡ። ሱባኤ ሳይጨርሱ በተቅማጥ የሚመለሱት በጾሙ ሳይሆን በዚህ ነው።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ በዐቅሙ ይያዝ እንጂ ከማኅበሩ ላለመለየት ብሎ አይገደድ። ሱባኤ ላይ እኩል መጾም የማኅበር ግዴታ ከሆነ ደካማው ደብቆ ይወድቃል።

ሌላው መታዘዝ ነው። ገዳሙ የራሱ ሥርዓት አለው። 24 ሰው ይዞ ገብቶ የራስን ጉባኤ ማካሄድ መነኮሳቱን ያውካል። አስቀድሞ ሁለት ሰው ልካችሁ አበምኔቱን አስፈቅዱ፤ ማደሪያውን፣ ውኃውን፣ ማገዶውን በዓይን አይተው ይመለሱ።

ዘመንቆረር፦
የቀረው ሣጥኑ ነው። ገንዘብ ይጠራቀም ብዬ ነበር፤ አሁን እጠራጠራለሁ።

የማቻክል ባላገር፦
ብር አታጠራቅሙ። መስከረም ላይ የገባ ብር የካቲት ላይ ያንኑ ዕቃ አይገዛም። በእህል ይሁን፣ ያውም በጤፍ። በቆሎና ስንዴ ነቀዝ ይበላቸዋል። የጤፍ ፍሬ ግን ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይገባበትም፤ ደርቆ ከገባ ዓመትም ይቆያል። አንድ አባል በታኅሣሥ፣ ከአውድማ፣ አንድ ቁና ይስፈር። ሁሉም በአንድ ቁና ይሰፈር፤ የየቤቱ ቁና ይለያያልና ጠብ የሚነሣው ከዚያ ነው። ጎተራው ከመሬት ከፍ ይበል፣ አይጥ እንዳይወጣ። ቁልፉ ሦስት ይሁን፤ አንዱ ሙሴው (የማኅበሩ ሰብሳቢ) ጋ፣ አንዱ ጸሐፊው ጋ፣ አንዱ ከሁለቱ ውጭ ባለ ማኅበርተኛ እጅ። የሱባኤው ጊዜ ሲደርስ ተሽጦ ለመንገድ ይውላል። የተረፈው ለነዳያን።

ዘዋሸራ፦
ይኸ መልካም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ጽዋው እንዳይቀር። ድግሱ ቢያንስም ቢበዛም ርክክቡ ነው ማኅበርን ማኅበር የሚያደርገው። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጧፍ በርቶ፣ ካህኑ ጸልዮ ለተረኛው ይሰጣል። ተረኛው ቆሞ በሁለት እጁ ይቀበላል። ቤቱ ሲደርስ ቤተሰቡ በእልልታ ያስገባዋል፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው ወር ጽዋው በክብር በዚያ ቤት ያድራል። ከመረከቡ በፊት «የተጣላችሁ አላችሁ ወይ» ተብሎ ይጠየቃል። ካለ እዚያው ይታረቃል፤ ካልታረቀ ጽዋ አያነሣም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና። ሱባኤውም ቢሆን ያለዚህ ዕርቅ ከንቱ ድካም ነው። በእኔ ግምት ብዙ ማኅበር የፈረሰው በወጪ ሳይሆን ይኸን ጥያቄ በመተዉ ነው፤ የተኳረፉ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ለወራት ይጠጣሉ፣ በመጨረሻ አንዱ ተራው ሲደርስ ይቀራል።

የደጀን እኅት፦
መምህር፣ ዕርቁ ከተነሣ አይቀር መዝገቡንም እንክፈተው። በብዙ ማኅበር መዝገብ ላይ የተጻፈው የባል ስም ብቻ ነው። ባል ሲሞት ጽዋው ለወንድ ልጅ ወይም ለወንድም ይተላለፋል፤ ሃያ ዓመት የጠመቀችው ሚስት ማኅበርተኛ መሆኗ ያኔ ነው የሚጠየቀው። ድግሱ ይቀነስ፣ ጤፉ ይሰፈር፣ ገዳም ይገባ ብላችሁ ስትወስኑ ድምፅ የሚሰጠው ማነው? ሙሴዎቹ ሐሳቡን ለማኅበር ከማቅረባቸው በፊት መዝገቡን አውጥተው ከባሏ ስም ሥር የሚስትን ስም ከነክርስትና ስሟ ይጻፉ። ከዚያ ድምፅ ይሰጥ።

የማቻክል ባላገር፦
በእኛ ማኅበር ይኸን በሚቀጥለው 12 አቀርበዋለሁ፤ ከንባቡ በኋላ፣ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት።