የሰርግ ካሴት ሳጸዳ ጭብጨባው ተበላሸብኝ፤ ኤፍኤፍቲ ሳይዙን ስንት ላድርገው?

የሰርጉ ካሴት (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የወላጆቼን የሰርግ ካሴት እያጸዳሁ ነው። 1978 ዓ.ም. ጎንደር የተቀዳ ነው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮ፣ ጭብጨባና እልልታ አለበት። በሰከንድ በ44,100 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ወደ ኮምፒውተር ገልብጬዋለሁ። ከላይ ሽሽሽ የሚል የካሴት ድምፅ አለው፤ ከታች ደግሞ እምምም የሚል የመብራት ድምፅ።

የምጠቀመው ሪፐር (የድምፅ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም) ውስጥ ያለውን ሪያፊር የሚባል ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ነው። ሰብትራክት (ቀንስ) ላይ አድርጌ፣ ሙዚቃው ሳይጀምር ካለው ባዶ ቦታ ኖይዙን (የማልፈልገውን ድምፅ) አስጠናሁት። ከዚያ ኤፍኤፍቲ ሳይዙን (ድምፁን ወደ ፍሪኩዌንሲ ሲዘረዝር በአንዴ የሚወስደውን የሳምፕል ብዛት) መቀያየር ጀመርኩ። ጣጣው እዚህ ጋ ነው።

8192 ላይ እምምታው ድራሹ ጠፋ፤ ክራሩም አማረ። ግን ከእያንዳንዱ ጭብጨባ በፊት «ፍስስ» የሚል ነገር ይቀድማል። ሰዉ ሊያጨበጭብ ሲል ትንፋሹን የሚስብ ይመስላል። እልልታው ደግሞ ፉጨት ሆኗል። 512 ሳደርገው ጭብጨባው ጥርት ይላል፤ ክራሩ ግን ውሃ ውስጥ የሚመታ ይመስላል፣ ከበሮውም ሆዱን አጣ። 2048 ላይ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ተበላሽቷል። ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?

ባለ ሚክሰሯ፦

ትክክለኛ የሚባል ቁጥር የለውም ወንድሜ። 44,100ን ለ8192 ስታካፍል 5.4 ሄርዝ ይመጣል። ፕለጊኑ ፍሪኩዌንሲውን የሚቆራርጠው በዚህ ስፋት ነው። 8192ን ለ44,100 ስታካፍል ደግሞ 186 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በአንዴ የሚያየው የድምፅ ርዝመት ይኼ ነው፤ መስኮት እንለዋለን። 512 ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ 86 ሄርዝና 12 ሚሊሰከንድ ገደማ።

ለምን ሁለቱም አንድ ላይ አይገኙም? ክራር ሲቃኝ ሰምተህ ታውቃለህ። ሁለት ክር ሊገጥም ሲል ድምፁ ዋ… ዋ… ዋ… ይላል። ክሮቹ በተቀራረቡ ቁጥር «ዋ»ው ይረዝማል። ልዩነታቸው 1 ሄርዝ ከሆነ አንዱ «ዋ» ሙሉ ሰከንድ ይፈጃል። ያንን ልዩነት ለማወቅ ሰከንዱን ቁጭ ብለህ መጠበቅ አለብህ። ሒሳቡን የፊዚክስ ሊቁ ዴኒስ ጋቦር በ1946 እ.ኤ.አ. አስቀምጦታል፤ ማንም ፕለጊን ሠሪ አያመልጠውም።

አሁን ወዳንተ ካሴት። 131 እና 147 ሄርዝ ላይ የተቃኙ ሁለት ጎረቤት ክሮች አሉ እንበል። ልዩነታቸው 16 ሄርዝ ነው። ሁለት ድምፅ ተለይቶ እንዲታይ ቢያንስ የሁለት ክፍል ርቀት ይፈልጋል። 2048 ላይ አንዱ ክፍል 21.5 ሄርዝ ስለሆነ ክሮቹ አንድ ይሆናሉ። 4096 ላይም ገና ናቸው። 8192 ላይ ይለያሉ። ክራሩ ያማረልህ ለዚህ ነው።

ጭብጨባው ላይ የሚሆነው ደግሞ ይኼ ነው። ፕለጊኑ ለእያንዳንዱ የፍሪኩዌንሲ ክፍል በር አለው እንበል። ኖይዝ ብቻ ሲሆን ይዘጋዋል፣ ሙዚቃ ሲመጣ ይከፍተዋል። በሩ ግን የሚከፈተው ለ186ቱም ሚሊሰከንድ ነው። ጭብጨባው መሐል ላይ ቢወድቅ፣ ከፊቱ ያለው ሽሽታ አብሮ ሾልኮ ይገባል። ከኋላውም ይገባል፤ እሱን ግን ጆሮ ጭብጨባው ስላደነቆረው ብዙም አይሰማውም። ከጭብጨባው በፊት ያለውን ግን ጆሮ የሚደብቀው ለጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። «ፍስስ»ህ እሱ ነው። እልልታም እንደዚያው። አንዱ መስኮት ውስጥ ብዙ የምላስ ምት ስለሚገባ ምቱ ይጠፋና ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ይቀራል።

ሽቦና ብየዳ፦

ቆይ፣ እምምታውን ለምን በኤፍኤፍቲ ታሳድዳለህ? የኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው። 50፣ 100 እና 150 ላይ ጠባብ ኖች ፊልተር (አንድን ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነጥሎ የሚቆርጥ) ብታደርግ ይበቃል። 512 ላይ ከበሮህ ሆዱን ያጣው እኮ 86 ሄርዝ ስፋት ባለው ክፍል ውስጥ እምምታውና ከበሮው አብረው ስለሚያድሩ ነው። አንዱን ስትቀንስ ሌላውም ይቀነሳል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክር። ቴፑን ፖዝ አድርገህ ቅዳ። እምምታው ካለ ከካሴቱ ሳይሆን ከቴፑ ወይም ከአዳፕተሩ ነው። ከጠፋ ካሴቱ ላይ የተቀዳ ነው ማለት ነው። ያኔ ጉዳዩ ይከብዳል። የካሴት ፍጥነት ስለሚዋዥቅ እምምታውም አብሮት ይዋዥቃል፣ 50 ላይ ቆሞ አይጠብቅህም። ኖቹን ትንሽ ሰፋ ታደርገዋለህ።

የሰርጉ ካሴት፦

ሞከርኩት። ፖዝ ላይም እምምም ይላል! ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታገል የነበረው ከአዳፕተር ጋር ነው ማለት ነው።

ሽቦና ብየዳ፦

በባትሪ ድንጋይ አጫውተህ እንደገና ቅዳው። ላፕቶፑንም ከቻርጀር ንቀል።

ሀ እስከ ፐ፦

እኔ በ32768 ኦቨርላፑን (መስኮቶቹ የሚደራረቡበትን መጠን) ከፍ አድርጌ እጠቀማለሁ። ኦቨርላፑ የጊዜውን ችግር አይፈታውም?

ባለ ሚክሰሯ፦

አይፈታውም። ኦቨርላፕ አንዱን መስኮት ከሌላው ጋር ያለሰልሰዋል፣ መቆራረጡን ያጠፋል። የአንዱን መስኮት ርዝመት ግን አያሳጥረውም። 32768 እኮ 743 ሚሊሰከንድ ነው። ዝም ብሎ ለሚጎተት ድምፅ ጥሩ ነው፤ ከበሮ ላይ ግን ገንፎ ያደርገዋል። መስኮቱን ጫፉ ላይ ዜሮ ጨምሮ ማስረዘምም እንደዚሁ ነው። ግራፉን ያሳምረዋል እንጂ ያልነበረ መረጃ አያመጣም።

ኮድና ክራር፦

አንድ መስኮት ለሁሉም ብላችሁ ለምን ትጨነቃላችሁ? መጀመሪያ ለሁለት ክፈለው። ስፔክትሮግራም (ጊዜውን በአግድም፣ ፍሪኩዌንሲውን በቁም የሚያሳይ የድምፅ ሥዕል) ላይ ብታየው የክራርና የማሲንቆ ድምፅ አግድም መስመር ነው። ጭብጨባና ከበሮ ቁም መስመር ነው። ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ላይ ሊብሮሳ የሚባለው ላይብረሪ ኤችፒኤስኤስ የሚል ፈንክሽን አለው፤ አግድሙን ለብቻ፣ ቁሙን ለብቻ ያወጣልሃል። ከዚያ አግድሙን በረጅም መስኮት፣ ቁሙን በአጭር ታጸዳና መልሰህ ትደምራለህ። ድምፅ የሚያሳንሱት ኤምፒስሪና ኤኤሲም ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ያደርጋሉ። ኤኤሲ አብዛኛውን ጊዜ በ2048 ሳምፕል መስኮት ይሠራና ድንገተኛ ምት ሲመጣ ወደ 256 ይቀይራል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔን ሁለት ቀን በልቶኛል። ሊብሮሳ ፋይሉን ሲከፍት ካልነገርከው በቀር ወደ 22,050 ሳምፕል ያወርደዋል፣ ወደ ሞኖም (አንድ ቻናል) ይቀይረዋል። 2048 ብለህ 46 ሚሊሰከንድ ሲመስልህ በተግባር 93 ነው። ሲከፍት «ኤስአር»ን (የሳምፕል ሬቱን) «ነን» ብለህ ስጠው። ሞኖ ካልፈለግክ እሱንም ንገረው።

ጋሽ ሪል፦

ልጆች፣ ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን አብዝታችኋል። ካሴት ሽሽ ይላል፤ ይበል! ችግሩ ሽሽታውን ድራሹን ለማጥፋት መፈለጉ ነው። ሪፐር ላይ እያንዳንዱ ፕለጊን የዌትና ድራይ (የተሠራበትንና ያልተነካውን ድምፅ የሚያደባልቅ) ማዞሪያ አለው። 70 በመቶ ላይ አድርገው። ሽሽታው ቢበዛ በ10 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል እንጂ አይጠፋም፤ የቀረው ደግሞ «ፍስስ»ን ይሸፍነዋል። ዝምታው ከተቀደደ ጨርቅ ይልቅ እኩል የሳሳ ጨርቅ ይሁን። እኔ ሬዲዮ የሪል ቴፕ ሳጸዳ ከዚህ በላይ ነክቼ አላውቅም።

ሀ እስከ ፐ፦

ከርዕሱ ልውጣና፣ ይኼን ላይቭ መድረክ ላይ ድምፄ ላይ ብጠቀምስ?

ባለ ሚክሰሯ፦

መስኮቱ እስኪሞላ ስለሚጠብቅ 4096 ላይ ቢያንስ 93 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይመጣልሃል። ሞኒተር ላይ ራስህን እየሰማህ አትዘፍነውም። 512 ወይም ከዚያ በታች፣ አለበለዚያ ተራ ኢኪው (የወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) ተጠቀም።

የሰርጉ ካሴት፦

ተመልሻለሁ። በስድስት ድንጋይ እንደገና ቀዳሁት፤ እምምታው የለም። ኖች እንኳን አላስፈለገኝም። ከዚያ ኮድና ክራር እንዳለው ለሁለት ከፈልኩት። ቁሙን በ512፣ አግድሙን በ8192 አጸዳሁ፤ ጋሽ ሪል እንዳሉትም ዌቱን 70 ላይ አደረግኩ። ጭብጨባው ንጹሕ ነው፣ ከበሮውም ሆዱ ተመልሷል። እልልታው ግን ግማሹ አንዱ ትራክ፣ ግማሹ ሌላው ትራክ ውስጥ ገብቷል። የማሲንቆው የጭራ መፋቅ ድምፅም ወደ ጭብጨባው ሄዷል። ምን ላድርግ?

ኮድና ክራር፦

እልልታ አግድምም ቁምም ስላልሆነ ነው። ኤችፒኤስኤስ ላይ ማርጂን የሚባለውን (የመለያውን ጥብቀት) ከ1 በላይ፣ ለምሳሌ 2 አድርገው። ያኔ ከሁለቱም ያልሆነው ይቀርልሃል፤ ከዋናው ላይ ሁለቱን ስትቀንስ ሦስተኛ ትራክ ይሆናል። እልልታው በብዛት እዚያ ይገባል። እሱን በ1024 በስሱ ንካው ወይም እንዳለ ተወው። የማሲንቆው መፋቅ ግን የትም ቢገባ ችግር የለውም፣ መጨረሻ ላይ ይደመራል።

ምንም ሳታጸዳ ግን አንድ ጊዜ ፈትሽ። ሦስቱን ደምርና ፌዙን ገልብጠህ (የሞገዱን ላይ ታች፣ ታች ላይ አድርገህ) ከዋናው ጋር አጫውት። ጸጥ ካለ አከፋፈሉ ምንም አልጣለም። የሚሰማ ነገር ካለ የሆነ ቦታ ሳምፕል ሬቱ ተቀይሮብሃል።

የሰርጉ ካሴት፦

ጸጥ ብሏል። አሁን እልልታው ላይ ልግባ።